ባዶ ቦታ የበዛበት ካርታ፦ የሰሜኑ ቀዝቃዛ ምድር እንቁራሪት አስተኔዎችና የዱር እንስሳት ሥርጭት

የሥርጭት ካርታ አንድ የእንስሳ ዝርያ የት እንደሚኖርና የመኖሪያው ወሰን እስከ የት እንደሚደርስ ያሳያል። እንደ አሜሪካዋ አላስካ፣ እንደ ካናዳዋ ዩኮንና እንደ ሩሲያዋ ሳይቤሪያ ባሉ ሰፊና ሰው በሳሳባቸው ቀዝቃዛ ምድሮች ግን በካርታው ላይ ምልክት ያላረፈበት ቦታ ሁለት ትርጉም አለው። አንድም እንስሳው በእርግጥ በዚያ የለም፤ አንድም ሄዶ ያየ ሰው የለም። የካርታ ሠሪዎቹ ድካም በአብዛኛው እነዚህን ሁለቱን ለመለየት የሚደረግ ነው።

እንቁራሪቶችን፣ ጉርጦችንና ሳላማንደሮችን የሚያጠቃልሉት እንቁራሪት አስተኔዎች የሰውነታቸውን ሙቀት ከአካባቢያቸው የሚያገኙ፣ ቆዳቸው እርጥበት የሚሻ፣ እንቁላላቸውንም በአብዛኛው በውሃ ውስጥ የሚጥሉ ስለሆኑ፣ ወደ ሰሜን ዋልታ በተጠጋን መጠን ዝርያቸው እየተመናመነ ይሄዳል። አላስካ ያን ያህል ሰፊ ሆና ስድስት አገር በቀል ዝርያዎች ብቻ አሏት፤ ዩኮን አራት አላት፤ አይስላንድና ግሪንላንድ ደግሞ የራሳቸው የሆነ አንድም የላቸውም። አንታርክቲካም ዛሬ ባዶ ናት፤ ሆኖም በአቅራቢያዋ ባለችው በሲይሞር ደሴት 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የእንቁራሪት ቅሪተ አካል መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ሆኗል።

ከሰሜን አሜሪካ እንቁራሪት አስተኔዎች መካከል የአርክቲክን ክበብ አልፎ የሚኖረው የጫካ እንቁራሪት የሚባለው ዝርያ ብቻ ነው። ይህ እንቁራሪት ብርዱን ሸሽቶ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ አይገባም፤ በረገፈ ቅጠል ሥር ተኝቶ በረዶ ይሆናል እንጂ። ውርጩ ቆዳውን ሲነካው ጉበቱ በብዛት ስኳር ወደ ደሙ ይለቃል፤ ስኳሩ የሕዋሳቱን ውስጥ በረዶ ከመሆን ሲጠብቅ፣ በሕዋሳቱ መካከል ያለው ውሃ ግን በረዶ ይሆናል። ልቡ መምታት ያቆማል፤ መተንፈስም ይቀራል። በአላስካዋ ከተማ በፌርባንክስ አካባቢ በተደረገ ክትትል፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ቅዝቃዜ ያገኛቸው እንቁራሪቶች ሳይቀሩ ከስድስት ወር በላይ በዚህ ሁኔታ ቆይተው፣ ሙቀቱ ሲመለስ በሕይወት ተነሥተዋል። በእስያ በኩል ደግሞ የሳይቤሪያ ሳላማንደር ከዚህም የባሰ ብርድ ይችላል፤ መኖሪያውም ከኡራል ተራሮች ምዕራብ ተነሥቶ እስከ ሩሲያ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ እስከ ቹኮትካና እስከ ጃፓኗ ሆካይዶ ደሴት ይዘረጋል።

እንዲህ ያለው ችሎታ ለሁሉም አልተሰጠም፤ ካርታ ሠሪውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። የምዕራቡ ጉርጥ ሰውነቱ በረዶ ከሆነ አይተርፍም። ስለዚህ ጉርጡ በዩኮን የሚገኘው፣ አመዳይ በወፍራሙ ተከምሮ መሬቱን እንደ ብርድ ልብስ በሚሸፍንባቸው ቦታዎችና በፍል ውሃዎች አቅራቢያ ነው። የአየሩን ሙቀት ብቻ ይዞ የጉርጡን ወሰን ለመገመት የሞከረ ሰው፣ የአመዳዩን ውፍረት ካልጨመረበት፣ ጉርጡን የሌለበት ያደርሰዋል።

የመስኩ ሥራ የሚያርፈው በጆሮ ላይ ነው። የጫካ እንቁራሪት ወንዶች የኩሬው በረዶ ገና ሲቀልጥ፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ የዳክዬን የሚመስል ድምፅ ያሰማሉ፤ ነገር ግን ጩኸቱ ከአንድና ሁለት ሳምንት ብዙም አይዘልቅም። አጥኚው ዘግይቶ ከደረሰ እንቁራሪት የሞላበት ኩሬ ጸጥ ብሎ ይጠብቀዋል። ለዚህም ሲባል በራሳቸው የሚቀዱ የድምፅ መቅረጫዎች በየኩሬው ዳር ይተከላሉ፤ ከኩሬው በተቀዳ ውሃ ውስጥም እንስሳው የተወው የዲኤንኤ ርዝራዥ ይፈለጋል። በአንድ ጉብኝት እንስሳውን የማግኘት ዕድል ግማሽ በግማሽ ከሆነ፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሶም ሳያገኙ የመቅረት ዕድል 12.5 በመቶ ነው፤ ስለሆነም “አልተገኘም” የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደተፈለገ ካልተነገረ ትርጉም የለውም።

ሌላው ችግር መንገድ ነው። አብዛኞቹ የአላስካ መንደሮች ከአውራ ጎዳና ጋር ስለማይገናኙ፣ የተመዘገቡት ነጥቦች በመንገድና በወንዝ ዳር ተሰድረው ይታያሉ። እንዲህ ያለው ካርታ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእንቁራሪቶቹ ይልቅ የአጥኚዎቹን ጉዞ ያሳያል። የቆዩ የሙዚየም ናሙናዎችም ቢሆኑ የተገኙበትን ቦታ በአንድ የወንዝ ስም ብቻ የሚጠቅሱ አይጠፉም።

የትላልቆቹ አጥቢዎች ነገር ቀለል ይላል፤ እንቁራሪትን የሚደብቀው አመዳይ የእነሱን ኮቴ ያጋልጣልና። ዎልቨሪን የተባለው ሥጋ በል አውሬና ሊንክስ የተባለው የዱር ድመት የሚተዉት ዱካ ዝቅ ብሎ ከሚበር አውሮፕላን ይነበባል። ፖርኩፓይን የተባለው የካሪቡ (የሰሜን አሜሪካ አጋዘን) መንጋ በበጋ ትንኝንና ሌሎች ተናካሽ ነፍሳትን ሽሽት እጅብ ብሎ ሲሰበሰብ ፎቶግራፍ ይነሣና፣ ከፎቶው ላይ ይቆጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የመንጋው ብዛት 218,457 ተብሎ ተገምቷል። ከአውሮፕላኑ በፊት ግን የመንጋውን መንገድ የሚያውቁት በዚያው የሚኖሩት የግዊቺን ሕዝብ አዳኞች ነበሩ።

የአየር ንብረቱ ሲሞቅ ወሰኖቹም መንቀሳቀስ ጀምረዋል። ቢቨር የተባለው እንጨት ቆርጣሚ እንስሳ በምዕራብና በሰሜን ምዕራብ አላስካ ዛፍ ወደሌለበት ምድር ገብቶ ግድብ እየሠራ ሲሆን፣ ከ11,000 በላይ የሚሆኑ ኩሬዎቹ በሳተላይት ምስል ተለይተዋል። ይህ አዲስ መስፋፋት መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አካባቢ ከተነሡት የአየር ፎቶግራፎች ጋር ማወዳደር ስለተቻለ ነው። እንቁራሪት ግን ከአየር አይታይም፤ ስለዚህ ከቀድሞው ወሰን በስተሰሜን አንድ አዲስ ነጥብ ሲመዘገብ፣ እንስሳው አሁን ደረሰ ወይስ ድሮም ነበረ የሚለው ጥያቄ ከአሮጌው ካርታ መልስ አያገኝም።