"ትክክለኛውን አፕ ሳገኝ እደራጃለሁ" እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ስልካችን ላይ ካላንደር አለ። ማስታወሻ መጻፊያ አለ። ደወልም አለ። ያም ሆኖ ቀጠሮ ይረሳል፣ የተጀመረ ሥራ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ መሣሪያው ሳይሆን ከመሣሪያው የምንጠብቀው ነገር ነው። ደጋግሜ ከምሰማቸው አባባሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሚያባክነው ልጀምር።

"ትክክለኛውን አፕ ሳገኝ እደራጃለሁ"

እንዲህ የሚል ሰው ስልኩ ቢታይ አራት አምስት የሥራ መመዝገቢያ አፕ አይጠፋም። ሁሉም ላይ ለጥቂት ቀን ተጽፎባቸው ተትተዋል። አዲስ አፕ መሞከር ደስ ይላል፤ ቀለም ይመረጣል፣ ፎልደር ይከፈታል፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይገለበጣል። ሲመሽ ሥራ ሲሠሩ የዋሉ ይመስላል። ከተገለበጠው ውስጥ ግን አንዱም አልተነካም።

እውነታው፦ ለአብዛኛው ሰው ስልኩ ላይ ያለው ይበቃዋል። ሰዓት የተቆረጠለት ነገር ካላንደር ላይ ይገባል። ሰዓት የሌለው ሥራ አንድ ዝርዝር ላይ ይጻፋል። አድራሻው፣ ቁጥሩ፣ ፎቶው ደግሞ አንድ ማስታወሻ ውስጥ ይቀመጣል። ቴሌግራም ላይ ለራሱ መልእክት መላክ የለመደ ሰው እዚያው "ሴቭድ ሜሴጅስ" ላይ መቀጠል ይችላል። መላኪያውን ምልክት ጫን አድርጎ ቢይዘው አስታዋሽ መሙላት እንኳ ይቻላል።

ሌላም ነገር አለ፤ አፕ ይዘጋል። ዋንደርሊስት በጣም የተወደደ የሥራ መመዝገቢያ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ገዛው፣ በ2020 ዘጋው። ተጠቃሚዎቹ ዝርዝራቸውን ወደ ሌላ አፕ እንዲያዛውሩ ዕድል ተሰጥቷቸዋል፤ ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይገጥምም። ስለዚህ አፕ ስትመርጡ ከማማሩ በፊት የጻፋችሁትን አውጥታችሁ መውሰድ መቻላችሁን እዩ።

"ጭንቅላቴ ይይዘዋል"

ይይዛል፤ ትንሽ ነው እንጂ። ኔልሰን ኮዋን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ጽሑፍ፣ አእምሯችን በአንድ ጊዜ ከፊቱ አድርጎ ሊይዝ የሚችለው አራት ያህል ነገር እንደሆነ አሳይቷል። የቀረውን እየጣለ እያነሳ ነው የሚሄደው።

ከመርሳቱ በላይ የሚጎዳው ግን መብሰልሰሉ ነው። ያልጨረስነው ነገር ሌላ ሥራ ላይ ሳለን ብቅ እያለ ሐሳብ ይሰርቃል። ማሲካምፖ እና ባውማይስተር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ደስ የሚል ነገር አግኝተዋል። ሐሳባችን እንዲያርፍ ሥራው ማለቁ ግድ አይደለም። ምን፣ መቼ እንደምናደርግ ለይተን ካቀድን መረበሹ ይቀንሳል። ማታ አልጋ ላይ የሚመጣውን "ነገ እንዳልረሳ" ወዲያው ጽፎ መተኛት የሚያሳርፈው ለዚህ ይመስለኛል።

"ዝርዝሩ ላይ ከገባ ይሠራል"

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው ዝርዝር የሚሞተው እዚህ ነው።

ዝርዝሩ ላይ "ፓስፖርት" የሚል ቃል አለ እንበል። ከሦስት ሳምንት በፊት የተጻፈ ነው። ባለቤቱ በቀን ሁለት ሦስቴ ያየዋል፣ ያልፈዋል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። "ፓስፖርት" ሥራ አይደለም፤ ርዕስ ነው። ያለቀበትን ማሳደስ ነው? ቅጹን መሙላት ነው? ባየው ቁጥር ከየት እንደሚጀምር እንደ አዲስ ማሰብ አለበት፤ ማሰቡ ስለሚደክመው ወደ ቀላሉ ይሄዳል።

አሁን እንዲህ ብለን እንጻፈው፦ "ሐሙስ ከሥራ ስወጣ የፓስፖርት ፎቶ መነሳት።" ግስ አለው። ቀን አለው። የት ሆኖ እንደሚሠራም ይታወቃል። ፎቶው ሲያልቅ ቀጣዩ ይጻፋል፦ "ቅዳሜ ጠዋት ቅጹን መሙላት፤ አሮጌው ፓስፖርት መሳቢያው ውስጥ ነው።" የመጨረሻዋ ሐረግ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ፍለጋ ታስቀራለች። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ተመራማሪ "መቼና የት" ብሎ መወሰን ሐሳብን ወደ ተግባር ለመቀየር ምን ያህል እንደሚረዳ ለዓመታት አጥንቷል። ለዚህ ደግሞ ምንም የተራቀቀ አፕ አያስፈልግም።

ርዝመቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ስልሳ ነገር ያለበት ዝርዝር ዝርዝር ሳይሆን መጋዘን ነው። መጋዘኑ ይኑር፣ ችግር የለውም። ለዛሬ ግን ከውስጡ ሦስት ወይም አራት አውጥታችሁ ለብቻ ጻፉ። ወር ሙሉ ያልተነካውን ደግሞ ጨክናችሁ ሰርዙት። በእርግጥ አስፈላጊ ከሆነ ተመልሶ ይመጣል።

"ማሳወቂያ በበዛ ቁጥር አይረሳም"

በተቃራኒው ነው። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ከዋለ ጣታችን ሳያነብ ማጥፋት ይለምዳል። ዋናው ማሳወቂያ ከማይረባው ጋር አብሮ ይጠረጋል።

ሌላው ስህተት ሰዓቱ ላይ ነው። ስብሰባ መሀል "ሂሳብ ክፈል" ብሎ የሚጮህ አስታዋሽ ምን ይጠቅማል? ደወሉ ሥራውን መሥራት በምንችልበት ሰዓት ይሞላ። ሰዓት ካለፈበት ጉዳት ለሚያመጣ ነገር ብቻ ደወል ይሰጠው፤ ሌላው ዝርዝር ላይ በጸጥታ ይቀመጥ።

"ፕሮጀክት ከሆነ ትልቅ ሶፍትዌር ያስፈልገዋል"

አምስት ሰው ለሚሠራው ሥራ አንድ የጋራ ሺት (ሁሉም የሚከፍተው ሰንጠረዥ) ብዙ ርቀት ያስኬዳል። አምዶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሥራው፣ የሚሠራው ሰው፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ምን ላይ እንደደረሰ። እኔ አንድ እጨምራለሁ፦ "ምን እየጠበቀ ነው?"

የቤት እድሳትን እንውሰድ። "ቀለም መቀባት" የሚለው ሥራ ለሁለት ሳምንት ንቅንቅ አላለም። ሁሉም ቀለም ቀቢውን ይወቅሳል። የመጨረሻው አምድ ቢታይ ግን "ኤሌክትሪኩ ግድግዳ ውስጥ እስኪገባ" ይላል። መወትወት ያለበት ኤሌክትሪሺያኑ ነበር ማለት ነው። የሚሠራው ሰው አምድ ላይም አንድ ስም ብቻ ይጻፍ። "ሁላችንም" ተብሎ የተጻፈ ሥራ ማንም አይነካውም።

በካርድ ማየት ለሚወድ ትሬሎን የመሰሉ ሰሌዳዎች አሉ፤ "የሚሠራ፣ እየተሠራ ያለ፣ ያለቀ" ብለው ይከፍሉታል። ሐሳቡ የመጣው ከቶዮታ ፋብሪካ ነው። ታይቺ ኦኖ የሚባል መሐንዲስ እዚያ ያስፋፋው፣ ካንባን የተባለ የካርድ አሠራር ነበር። ብዙ ሰው ካርዱን ወስዶ ዋናውን ነገር ይተወዋል፤ ዋናው ገደብ ነው። "እየተሠራ ያለ" ውስጥ ከሁለት ሦስት ካርድ በላይ አይግባ። ቦታው ከሞላ አንዱ ሳያልቅ ሌላ አይጀመርም።

"በደንብ ካቀድኩ በቀኑ እጨርሳለሁ"

ካነማንና ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ሰው የራሱን ሥራ ጊዜ አሳንሶ እንደሚገምት ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን ጠየቀ። በአማካይ 34 ቀን ገደማ ይበቃናል አሉ። የፈጀባቸው 55 ቀን ገደማ ነው። "ሁሉም ነገር ቢበላሽስ?" ተብለው የሰጡት ግምት እንኳ 49 ቀን አይሞላም ነበር።

እዚህ ላይ ካላንደር ከማስታወስ ሌላ ጥቅም አለው፤ ምስክር ነው። ባለፈው ተመሳሳይ ሥራ መቼ ተጀምሮ መቼ አለቀ? ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ነው። ግምታችሁን ከልባችሁ ሳይሆን ከዚያ ውሰዱ።

"ወረቀት ጊዜው አልፎበታል"

አላለፈበትም። የዛሬን ሦስት ሥራ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ጠረጴዛ ላይ ማኖር ስልክ ከመክፈት ይሻላል፤ ስልኩን የከፈተ ሰው የት ገብቶ እንደሚቀር ይታወቃል። ወረቀት ደወል የለውም፣ ፍለጋም አይችልም። ለዚያ ስልኩ አለ።

"ስልኬ ላይ ስላለ አይጠፋም"

አንዳንድ የማስታወሻ አፕ የሚያስቀምጠው ስልኩ ላይ ብቻ ነው። ስልኩ ከጠፋ ወይም ከተበላሸ ማስታወሻውም አብሮ ሄደ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ወደ አካውንታችሁ ግቡና ዛሬ የጻፋችሁትን ፈልጉ። ካለ፣ ጥሩ። ከሌለ ሴቲንግ ውስጥ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ወይም ሲንክ (ከአካውንቱ ጋር ማናበቢያ) የሚለውን አብሩት፤ ይህ የሌለው አፕ ከሆነ ደግሞ ዝርዝሩን ዛሬውኑ ወደ ሌላ አዛውሩት። በነገራችን ላይ፣ ማስታወሻው ውስጥ የባንክ የይለፍ ቃል ካለ ከዚያ ይውጣ። የእሱ ቦታ የይለፍ ቃል መያዣ አፕ ነው።