የቺፕ አቀማመጥ ንድፍ ጥበቃ፦ ከወሎ ለሚነሳ ንድፍ አውጪ

የአቀማመጥ ንድፍ የሚባለው በአንድ ቺፕ ውስጥ ትራንዚስተሮችና እነሱን የሚያገናኙት መስመሮች በየንብርብሩ የሚይዙት ቦታና ቅርጽ ነው። ሕግ የሚጠብቀው ቺፑ የሚሠራውን ሥራ ወይም ከሥራው ጀርባ ያለውን ሐሳብ ሳይሆን ይህን አቀማመጥ ብቻ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት የተፈታ የቴሌቪዥን ቦርድ በማጉያ መነጽር ቢታይ በአይሲው (በታሸገው ቺፕ) ጥቁር ሽፋን ላይ የሚነበበው የአምራቹ ምልክትና ቁጥር ነው፤ ጥበቃ የሚደረግለት ንድፍ ግን ከሽፋኑ ሥር ባለችው የሲሊኮን ቁራጭ ላይ ነው ያለው። ሽፋኑን በአሲድ አሟሙቶ ንብርብሮቹን አንድ በአንድ እየገፈፉ ፎቶ ማንሳት ስለሚቻል፣ ብዙ ገንዘብና ዓመታት የፈሰሰበትን ንድፍ ሌላው በአጭር ጊዜና በጥቂት ወጪ ሊገለብጠው ይችላል። የተለየ ሕግ ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀዳሚው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የወጣው የሴሚኮንዳክተር ቺፕ ጥበቃ ሕግ ሲሆን፣ ጃፓን በ1985፣ የአውሮፓ ማኅበረሰብ ደግሞ በ1986 መጨረሻ ተከተሉ። በ1989 ዋሽንግተን ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት በሥራ ላይ ሳይውል ቢቀርም፣ አብዛኛው ይዘቱ ከ1995 ጀምሮ የዓለም ንግድ ድርጅት አባላትን በሚያስገድደው፣ ትሪፕስ በሚባለው የአእምሯዊ ንብረት መብቶች ስምምነት ውስጥ ገብቷል። ትሪፕስ ዝቅተኛውን የጥበቃ ዘመን 10 ዓመት አድርጎታል።

በኢትዮጵያ ለአቀማመጥ ንድፍ ብቻ የወጣ አዋጅ የለም። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፈጠራ፣ ለአነስተኛ ፈጠራና ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጥበቃ ይሰጣል፤ ሆኖም ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የሚመለከተው የዕቃን መልክ በመሆኑና ቴክኒካዊ ውጤት ለማስገኘት ብቻ የሚያገለግለውን ክፍል ስለማይሸፍን፣ ለቺፕ አቀማመጥ የሚበቃ መጠለያ አይሆንም። አዲስና የፈጠራ ብቃት ያለው ሠርክዩት ፓተንት ሊያገኝ ይችላል፤ አብዛኛው አቀማመጥ ግን የታወቁ ክፍሎችን በብልሃት ማደራጀት ስለሆነ ያን መመዘኛ አያልፍም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፕላንና የሳይንስ ንድፍን ከሥራዎች መካከል ስለሚቆጥር የንድፉን ሥዕል ከመባዛት መከላከል ይቻል ይሆናል፤ ከሥዕሉ ተነስቶ ቺፑን ማምረትን ይከለክላል ብሎ መተማመን ግን በእኔ ግምት አጉል ድፍረት ነው።

ስለዚህ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪ በኮምፒውተሩ ቺፕ ቢነድፍ፣ ልዩ ጥበቃውን መፈለግ ያለበት ከአገር ውጭ ነው። ቺፑም ቢሆን አገር ውስጥ የሚመረት አይደለም፤ የንድፉ ፋይል ወደ ውጭ ፋብሪካ ይላካል። ጉግልና ስካይወተር የተባለው የአሜሪካ አምራች እ.ኤ.አ. በ2020 የ130 ናኖሜትር የማምረቻ መረጃን ለማንም ክፍት ካደረጉ ወዲህ እንዲህ ያለው ሙከራ ከሩቅ ላለ ተማሪም የማይደረስበት አልሆነም። በክፍት ፈቃድ የተለቀቀ ንድፍ ግን በፈቃዱ ልክ ለሌሎች የተሰጠ ስለሆነ፣ ጥበቃ የሚያስብ ሰው ፋይሉን ከመልቀቁ በፊት ፈቃዱን ቢያነብ ይሻለዋል።

ከሁሉ በላይ የሚወስነው ቺፑ መጀመሪያ የት ለገበያ እንደቀረበ ነው። በአሜሪካ ሕግ ባለቤቱ የአገሪቱ ዜጋ ወይም ነዋሪ ካልሆነ፣ ወይም አሜሪካ የገባችበት የጥበቃ ስምምነት አባል ከሆነ አገር ካልመጣ፣ ዋናው መግቢያ በር ንድፉ ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ ለንግድ መቅረቡ ነው። የቻይና ደንብም በቻይና ግዛት መጀመሪያ ለንግድ ለዋለ የውጭ ዜጋ ንድፍ ጥበቃ ይሰጣል። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅትን ለመቀላቀል ጥያቄ ያቀረበችው በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2003) ሲሆን፣ አባል እስካልሆነች ድረስ ዜጎቿ በትሪፕስ በኩል የሚገኘውን መብት መጠየቅ አይችሉም። በመሆኑም የመጀመሪያዎቹን ቺፖች ለማንና የት መሸጥ እንደሚገባ ከንግድ ጉዳይነቱ ባልተናነሰ የሕግ ጉዳይ ነው፤ አንዴ ሌላ አገር ከተሸጠ በኋላ ደግሞ የሚመለስ አይደለም።

በአሜሪካም በቻይናም ማመልከቻው ከመጀመሪያው የንግድ አቅርቦት ቀን አንስቶ በ2 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፤ ቀኑ ካለፈ መብቱ ይጠፋል። የአሜሪካው ማመልከቻ የሚቀርበው ለፓተንት መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ለቅጂ መብት ጽሕፈት ቤቱ ነው። ንድፉ ለገበያ ከቀረበ አመልካቹ አራት ቺፖችን፣ ከነሱም ጋር የእያንዳንዱን ንብርብር ቢያንስ 20 ጊዜ የጎላ ሥዕል ወይም ፎቶ ያስገባል። የተበላሹ ቺፖችም ይቀበላሉ፤ የንግድ ምስጢር የያዙ ንብርብሮችንም በተወሰነ መጠን መሸፈን ይፈቀዳል። እንደ ፓተንት ንድፉ አዲስ መሆኑ አይመረመርም። የሚጠየቀው የራስ ሥራ መሆኑና በሙያው ዘንድ የተለመደ ተራ አቀማመጥ አለመሆኑ ነው። ባለቤቱ ማን እንደሆነም ቀድሞ መጻፍ አለበት፤ ሠራተኛ በሥራው ያወጣው ንድፍ እንደ ደንቡ የአሠሪው ሲሆን፣ ተማሪ ግን ሠራተኛ ስላልሆነ ከመምህሩና ከዩኒቨርሲቲው ጋር በጽሑፍ መስማማት ይኖርበታል።

ከተመዘገበ በኋላ ያለው ጣጣ ከፓተንት ይቀላል። በአሜሪካ ዓመታዊ የማቆያ ክፍያም ሆነ እድሳት የለም፤ 10 ዓመቱ በሚሞላበት የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ መብቱ ያበቃል። ቺፑ ላይ በክብ ውስጥ የላቲን ኤም ፊደልና የባለቤቱን ስም ማስፈር ግዴታ ባይሆንም ገልባጩ አላወቅሁም እንዳይል ይረዳል። ከባዱ ሥራ መዝገብ መያዝ ነው፦ የንድፉን ረቂቆች ከነቀናቸው፣ የተሰረዙትን ሙከራዎች፣ ከፋብሪካው ጋር የተደረጉ ደብዳቤዎችን።

የዚህን ክብደት ብሩክትሪና ኤኤምዲ የተባሉት የአሜሪካ ቺፕ ኩባንያዎች ክርክር ያሳያል። ሕጉ የሌላውን ቺፕ ከፍቶ ማጥናትንና ከጥናቱ ተነስቶ የራስን ንድፍ ማውጣትን ስለሚፈቅድ፣ ኤኤምዲ ያደረገው ይህንኑ እንደሆነ ተከራከረ፤ ጊዜና ገንዘብ ማውጣቱንም በሰነድ አሳየ። የብሩክትሪ ቺፕ ግን 10 ትራንዚስተር ያለውን አንድ ሕዋስ ከ6000 ጊዜ በላይ እየደጋገመ ከገጹ 80 በመቶ ያህሉን የሸፈነ ሲሆን፣ የኤኤምዲ ባለሙያዎች በሌላ የትራንዚስተር ብዛት ሞክረው ሳይሳካላቸው ወደዚያው አቀማመጥ መጥተው ነበር። ብዙ ወጪ ማውጣቱ ብቻ ኤኤምዲን ለተገለበጠው ክፍል ከተጠያቂነት አላዳነውም፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለብሩክትሪ የተፈረደውን 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካሳ አጸና።

ሳያውቅ የገዛን ሰው ግን ሕጉ በጥብቅ አይዘውም። በትሪፕስ መሠረት ቺፑ የተገለበጠ መሆኑን ሳያውቅ የገዛ ነጋዴ ማስጠንቀቂያ ከደረሰው በኋላም በእጁ ያለውንና ቀድሞ ያዘዘውን መሸጥ ይችላል፤ የሚጠበቅበት ለንድፉ ባለቤት የሚከፈል ተመጣጣኝ የመጠቀሚያ (ሮያሊቲ) ክፍያ ነው። መብቱም ከተመዘገበበት አገር ድንበር አይሻገርም። አሜሪካ ወይም ቻይና ያስመዘገበ የኮምቦልቻ ንድፍ አውጪ፣ የገዛ ንድፉ ተገልብጦ ደሴ ሰኞ ገበያ ቢሸጥ በዚያ ምዝገባ እዚህ ክስ መመሥረት አይችልም፤ ሊያስቆመው የሚችለው ቺፑ ንድፉ በተመዘገበበት አገር ሲመረት ወይም ወደዚያ ሲገባ ነው።