የኢኮኖሚ ኅብረት ምንድን ነው? ለጎጃም ገበሬስ ምን ይዞ ይመጣል?

የኢኮኖሚ ኅብረት ማለት ጎረቤታም አገሮች በመካከላቸው ያለውን ቀረጥ አንስተው፣ ዕቃም ሰውም ገንዘብም እንደልብ እንዲዘዋወር ተስማምተው፣ የንግድና የኢኮኖሚ ሕጋቸውን ሲያቀራርቡ ነው። ፍቺው ይኸው ነው። የሚያከራክረው ማን ያተርፋል፣ ማን ይጎዳል የሚለው ነው።

ለጎጃም ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዛሬ ባሶ ሊበን በምንለው አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ ከአገሪቱ ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዓባይ ማዶ፣ ከጊቤ አገሮች ቡናው፣ ወርቁ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ እየተሻገረ ይመጣል፤ ከዚያ በጎንደር አድርጎ እስከ ምጽዋ ይወርዳል። መገበያያው አሞሌ ጨውና የማርትሬዛ ብር ነበር፤ ሁለቱንም ከዚህም ከዚያም ያለው ነጋዴ ይቀበላቸዋል። ነጋዴውን የሚያማርረው ኬላው ነበር። በየመንገዱ ያለው ሹም ሁሉ ቀረጡን ይቀበላል፣ ነጋዴው የከፈለውን በዕቃው ላይ ይጨምራል፣ ዞሮ ዞሮ ከፋዩ ሸማቹ ነው። የኢኮኖሚ ኅብረት ይህን ኬላ በአገርና በአገር መካከል የማንሳት ሥራ ነው።

በአንድ ጊዜ ግን አይነሳም። የመጀመሪያው ደረጃ ነጻ የንግድ ቀጠና ይባላል፤ አባላቱ እርስ በርስ ቀረጥ አይጠያየቁም፣ ከሌላ ዓለም ለሚመጣ ዕቃ ግን እያንዳንዱ የራሱን ያስከፍላል። እዚህ ላይ ቀዳዳ አለ። ሩቅ አገር የተመረተ ዘይት ቀረጥ ዝቅ ባለበት ጎረቤት በኩል ይገባና የጎረቤት ምርት መስሎ ወደ እኛ ይሻገራል። ዕቃው የት እንደተሠራ የሚያሳይ ምስክር ወረቀት የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ደረጃ የጉምሩክ ኅብረት ነው፤ ለውጭ ዕቃም ሁሉም አንድ ዓይነት ቀረጥ ይጥላሉ። ከዚያ የጋራ ገበያ ይመጣል፣ ሠራተኛና ካፒታልም ይንቀሳቀሳል። ከዚያ በላይ የኢኮኖሚ ፖሊሲን ማዋሃድ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ገንዘብ። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1951 በድንጋይ ከሰልና በብረት ጀምረው የዩሮ ኖት እጃቸው የገባው በ2002 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ማለት ነው።

ጥቅሙን ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን በርበሬ እንየው። ምርት በሚሰበሰብበት ሰሞን ሁሉም እኩል ገበያ ይወጣል፣ ዋጋው ይወርዳል። ገበሬው የሚከፍለው ዕዳ ስላለበት ቆይቶ መሸጥ አይችልም፣ ደላላውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። የናይሮቢም የጅቡቲም ነጋዴ ያለ ብዙ ቀረጥ ቢገዛ ገዢ በዛ ማለት ነው፤ ገዢ ሲበዛ ደግሞ የመደራደር አቅሙ ወደ ገበሬው ያዘነብላል። ፋብሪካም እንዲሁ ነው። ቡሬ የተቋቋመው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ለአካባቢው ብቻ ቢያመርት ማሽኑ ግማሽ ቀን ቆሞ ይውላል፣ ለጎረቤት አገሮች ጭምር ካመረተ ግን የአንዱ ጣሳ ወጪ ይቀንሳል።

መብራቱ ከሁሉም ግልጽ ነው። ግሽ ዓባይ፣ ሰከላ ላይ የሚመነጨው ወንዝ ዛሬ ጉባ ላይ ተርባይን ያዞራል። ኢትዮጵያ ለጅቡቲና ለሱዳን ኤሌክትሪክ ስትሸጥ ቆይታለች፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለኬንያም ትሸጣለች። በኃይል መስመር የተያያዙ አገሮች ሲጣሉ ሁለቱም ይጎዳሉ፣ ስለዚህ ቢያንስ ከመጣላታቸው በፊት ሁለት ጊዜ ያስባሉ።

ጉዳቱስ? ጤፍን እንውሰድ። መንግሥት ጤፍ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይላክ ያገደው አገር ውስጥ ይወደዳል ብሎ ነው። ስጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ድንበሩ ሲከፈት የሞጣ ገበሬ በኩንታል የተሻለ ያገኛል፤ ደብረ ማርቆስ በቀን ሥራ ልጆቿን የምታሳድገው እናት ግን ያንኑ ጤፍ በዚያው ዋጋ ነው የምትገዛው። እንዲያውም ሻጩ ወንድሟ ሊሆን ይችላል። አገር በጠቅላላው አተረፈ ሲባል እሷ የት እንዳለች የሚጠይቅ ያስፈልጋል።

ሌላው፣ ጠንካራው ደካማውን መዋጡ ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ1967 የመሠረቱት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ1977 ፈረሰ። የፖለቲካ ጠብ ነበረበት፣ ኡጋንዳ ውስጥ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው የኢዲ አሚንም መምጣት አባባሰው፤ ግን ፋብሪካው ሁሉ ኬንያ እየተከማቸ ሌሎቹ ገበያ ብቻ ሆነን ቀረን ማለታቸው ውስጡን በልቶት ነበር። ማኅበረሰቡ እንደገና የቆመው በ1999 በተፈረመ ስምምነት ነው። በተቃራኒው ደቡብ አፍሪካ፣ ቦትስዋና፣ ሌሶቶ፣ ናሚቢያና ኤስዋቲኒ ያሉበት የደቡብ አፍሪካ ጉምሩክ ኅብረት ከ1910 ጀምሮ አለ። ከውጭ ዕቃ የሚሰበሰበው ቀረጥ አንድ ቋት ገብቶ በቀመር ይከፋፈላል፣ ትንንሾቹም ከበጀታቸው ትልቅ ድርሻ ከዚያ ያገኛሉ። እኔ ከሁሉ ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው ይህ ነው። ተጎጂን የሚክስ ነገር በውሉ ውስጥ ከሌለ ኅብረቱ አይሰነብትም።

አንድ ገንዘብ የሚለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ግሪክ ዕዳ ሲያንቃት የገንዘቧን ምንዛሪ ዝቅ አድርጋ ምርቷን ለውጭ ገዢ ለማርከስ አልቻለችም፣ ዩሮው የራሷ ብቻ አልነበረምና፤ ደሞዝና ጡረታ እየቆረጠች ነው የተወጣችው። እኛም በደጃችን አይተነዋል። ኤርትራ ከነጻነቷ በኋላ ለዓመታት በብር ስትገበያይ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ የራሷን ገንዘብ፣ ናቅፋን፣ አወጣች፣ ናቅፋና ብር እኩል ይመንዘሩ አለች፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ትልልቁ ንግድ በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ጦርነት ተነሳ። የጦርነቱ ምክንያት ድንበሩም ሌላውም ነው፤ የገንዘቡ ጠብ ግን ቅያሜውን ማክረሩ አይካድም።

ኢትዮጵያ ዛሬ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የልማት ድርጅት የሆነው የኢጋድም፣ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ የሆነው የኮሜሳም አባል ናት፣ የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጠናን ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2018 ኪጋሊ ላይ ፈርማ በ2019 አጽድቃዋለች። እኔ በሩ ይከፈት ከሚሉት ወገን ነኝ። ወደብ የሌለው፣ ሕዝቡ ብዙ፣ ምርቱም መብራቱም ያለው አገር ተዘግቶ አያድግም። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። መጀመሪያ ከጎጃም አዲስ አበባ የሚወርድ ጭነት በየመንገዱ እየቆመ፣ እየከፈለ፣ አንዳንዴም ለሳምንታት መንገድ ተዘግቶበት የሚበላሽበት ነገር ይፈታ፤ ጭነቱ የኬንያ ወደብ ሞምባሳ የሚደርሰው መጀመሪያ ከጎጃም መውጫ ከደጀን ማለፍ ሲችል ነው። ቀጥሎ መብራቱና መንገዱ። ከዚያ ቀረጡ፣ ያውም ለጀማሪ ፋብሪካዎች የመዘጋጃ ዓመታት እየተሰጠ፣ የእህል ዋጋ ሲወደድ የከተማ ድሃን የሚደግፍ በጀት አብሮ እየተያዘ። የጋራ ገንዘቡ ይቆየን፤ የአባል አገሮቹ የዋጋ ንረት ተቀራርቦ ለዓመታት ሲረጋጋ ያኔ እንነጋገርበታለን።