ሄሞፊሊያ ምንድን ነው? ማንስ ሊያውቀው ይገባል?

ሄሞፊሊያ ደም በአግባቡ እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከልደት ጀምሮ የሚኖር የደም ችግር ነው። ደም የሚረጋው ፋክተር የሚባሉ በርካታ ፕሮቲኖች እየተቀባበሉ ሠርተው ነው፤ አንዱ ሲጎድል የቀሪዎቹ ሥራ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። የጎደለው ፋክተር 8 ከሆነ ሄሞፊሊያ ኤ፣ ፋክተር 9 ከሆነ ሄሞፊሊያ ቢ ይባላል። ኤ ከ5,000 ገደማ ወንድ ልጆች በአንዱ ላይ ይታያል፤ ቢ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ልጅ ጣቱን ቢቆረጥ ደሙ ፈስሶ የሚያልቅ ይመስለዋል። ደሙ ግን ከሌላው ሰው ፈጥኖ አይፈስም፤ ለመቆም ነው የሚዘገየው። ትንሽ ጭረት ጫን አድርገው ቢይዙት ይቆማል። ክፉው መድማት የማይታየው ነው፤ ጉልበት፣ ክርንና ቁርጭምጭሚት ውስጥ። መጀመሪያ መገጣጠሚያው ውርር ይላል፣ ይሞቃል፤ እብጠቱና ሕመሙ በኋላ ይመጣሉ። መናገር ያልጀመረ ሕፃን ደግሞ በድንገት እግሩን መርገጥ እምቢ ይላል። ቤተሰብ ወለምታ መስሎት ያሸዋል፣ ማሸቱም መድማቱን ያባብሰዋል። ይህ ሲደጋገም ልም አጥንቱ ተበልቶ መገጣጠሚያው አልታጠፍም ይላል።

የፋክተሩ መጠን ከመደበኛው ከ1 በመቶ በታች ከሆነ ከባድ ይባላል፤ ያለ ምንም ግጭት ሊደማ ይችላል። ከ1 እስከ 5 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ እስከ 40 ቀላል ነው። ቀላሉ ዓይነት ጥርስ እስኪነቀል ወይም ቀዶ ጥገና እስኪደረግ ድረስ ተደብቆ ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ግንዛቤ ማስጨበጥ ማለት የበሽታውን ስም ፖስተር ላይ ጽፎ መለጠፍ ከሆነ ፋይዳው ትንሽ ነው። ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገባው ምልክቱ መጀመሪያ እጃቸው ላይ የሚወድቅባቸው ሰዎች ናቸው። ግርዛት የሚፈጽም ባለሙያ ቢላ ከማንሳቱ በፊት እናትየውን ይጠይቅ፤ ወንድሟ፣ አጎቷ ወይም የእህቷ ልጅ ሲገረዝ አለቅጥ ደምቶ ነበር? «የለም» ቢባልም ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ በቤተሰባቸው ቀድሞ የታወቀ ሰው የላቸውም። ክትባት የሚሰጥ ሰው፣ መርፌው ያረፈበት ጭን ጠንክሮ ካበጠ ቸል አይበል። ችግሩ የታወቀበት ልጅ ክትባት አይከለከልም፤ መርፌው ቀጭን ይሁን፣ ክትባቱ የሚፈቅድ ከሆነ ከቆዳ ሥር ይሰጥ፣ ከዚያም ቦታው ሳይታሽ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ተጭኖ ይያዝ።

መምህር ማወቅ ያለበት ከሁሉ በላይ ስለ ጭንቅላት ነው። ልጁ ጭንቅላቱን ከተመታ «ደህና ነኝ» ቢል እንኳ ምልክት እስኪመጣ አይጠበቅም። ሕክምና ቦታም የጎደለው ፋክተር ቀድሞ ይሰጣል፣ ራጅና ሲቲ ስካን ይከተላሉ። አንገትና ሆድም እንደዚያው ናቸው። ለሕመም ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ አይሰጥም።

ምርመራው ላይም የሚያሳስት ነገር አለ። የተለመደው የደም ቆጠራ፣ ደም እንዲረጋ የሚረዱትን ፕሌትሌት የሚባሉ የደም ሕዋሳት ጨምሮ፣ ጤናማ ሊሆን ስለሚችል ቤተሰቡ «ምንም የለበትም» ተብሎ ይሸኛል። የሚረዝመው ኤፒቲቲ የሚባለው የመርጋት ጊዜ ምርመራ ነው፤ ቀላል ሄሞፊሊያ ላይ እሱም መደበኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቁርጥ ያለውን መልስ የሚሰጠው የፋክተር 8 እና 9 ልኬት ነው።

ሄሞፊሊያ በንክኪ አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። ዘረመሉ ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ተሸካሚ፣ ማለትም ችግር ያለበት ዘረመል ያላት እናት የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመያዝ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የታመመ አባት ለወንድ ልጁ አያወርስም፤ ሴት ልጆቹ በሙሉ ግን ተሸካሚ ይሆናሉ። ተሸካሚ ስለተባሉ ብቻ ጤነኛ ናቸው ማለትም ስህተት ነው፤ የአንዳንዶቹ ፋክተር ዝቅተኛ ስለሆነ የወር አበባቸው ይበዛል፣ ወሊድ ላይም ሊደሙ ይችላሉ።

የተለመደው ሕክምና የጎደለውን ፋክተር በደም ሥር መተካት ነው። ፋክተር 8 ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ መድማትን ለመከላከል የሚወስዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ በየሁለት ቀኑ ይወጋሉ። አንዳንዱ ታካሚ ሰውነቱ ለፋክተሩ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትና መድኃኒቱ አልሠራ ይለዋል። ስለዚህ ታማሚው በኪሱ በሚይዘው ካርድ ላይ የሄሞፊሊያው ዓይነት፣ የፋክተሩ መጠን፣ ፀረ እንግዳ አካል መኖር አለመኖሩና የሚከታተለው ሐኪም ስልክ ይጻፍ፤ ከሥሩም በጉልህ «አስፕሪን አይሰጠው፣ ጡንቻ ላይ አይወጋ» ይባል።