«ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም» ወቀሳ ነው እንጂ ምክር አይደለም

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ማኅበር ቤት ተቀምጠናል። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው መሬት ተጣልተው ዓመት አልፏቸዋል፤ እዚያው ቤት ጀርባ ተሰጣጥተው ይበላሉ። አንዲት እናት ነገሩን ሊያነሡ ሲሉ አንዱ ጎልማሳ ቶሎ ብሎ «ይተዉት እትዬ፣ ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ይሁን፤ ሰላም ይሻላል» አላቸው። ሰውም «እውነት ነው» ብሎ ጠላውን አነሳ። እኔ ግን የጎረስኩት አልወርድ አለኝ።

ኧረ አይደለም! ይቺ አባባል መናገር የሚገባው ሰው ዝም ሲል፣ ነገርም ተዳፍኖ ሲቀር የምትባል ናት።

ልጅነቴን መንዝ አያቴ ዘንድ ነው ያሳለፍኩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተአምረ ማርያም ሲነበብ አያቴ ባናዋን ተከናንባ ቆማ ትሰማለች። ዝናብ የነካው ባና ያ የበግ ጠጉር ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። መጽሐፉ ከማኅደሩ ወጥቶ፣ በጨርቅ ተይዞ፣ ጥላ ተዘርግቶለት፣ ጧፍ በርቶለት ይመጣል። ቄሱ በግእዝ ያነቡና በአማርኛ ይመልሱታል። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ማታ ግን እሳት ዳር ቁጭ ብላ የሰማችውን አንድ ሳታስቀር ትነግረናለች። «መጽሐፍ አፍ የለውም፤ አፉ ቄሱ ናቸው» ትል ነበር።

የአባባሉ ምንጭ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲያውም የኛው አገር ልጅ ናት ባይ ነኝ። ለቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፣ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። ክረምት ላይ የአዳባይ ወንዝ ሲሞላ ከማዶ የሚመጣው አይሻገርም፤ ጉሙም መንገድ ያሳጣል። አራት ሆነው ከቀሩ ቅዳሴው ታጎለ። እንዲህ ያለ ጠዋት አይቻለሁ። ሰው ጾሙን መጥቶ፣ ቆሞ ቆሞ፣ ደጁን ተሳልሞ ተመለሰ። አያቴ መንገዱን ሙሉ አልተናገረችም። ቤት ልንደርስ ስንል ብቻ «ዛሬ ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም» አለች። ለቅሶ ቤት የምትናገር ነበር የመሰለችኝ።

ደግሞ ያችን «ም» ልብ በሉልኝ። መጽሐፉ ቢጠፋ ዳዊትን በቃሉ የሚወጣ ቄስ አለ። ቄሱ ቢታመሙም መጽሐፉን የሚያነብ ሌላ ይገኛል። አገር የሚጨልመው ሁለቱም ሲዘጉ ነው።

ክህነት ራሱ ይሄው አይደል? ዲያቆን ማለት በግሪኩ አገልጋይ ማለት ነው። ነቢዩ ሚልክያስም ምዕራፍ 2 ላይ ሕዝብ ሕግን የሚፈልገው ከካህኑ አፍ ነው ይላል። ጥምጥሙና መስቀሉ ያምራል፣ ግን ሥራው አፉ ላይ ነው፤ ማስተማር፣ መገሠጽ፣ የተጣላን በግዝት ይዞ ማስታረቅ። የሰላሌ ፍቼው አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አውግዙ ሲባሉ እምቢ ብለው፣ ይልቁንም ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ አውግዘው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት የተገደሉት ዝም አልል ብለው ነው። ለቄስ የተፈቀደ ትልቁ ዝምታ የንስሐ ምስጢር ነው። እሱን አፍኖ ይቀበራል። ወንድማማች በአደባባይ ሲኳረፍ ግን ምን ምስጢር አለው?

ዛሬ መሥሪያ ቤቱም፣ ዕድሩም፣ ቤተ ዘመዱም ይቺን አባባል ነገር መክደኛ አድርጓታል። እባካችሁ ተዉ። ዝም እንበል ማለት ከፈለጋችሁ ዝም እንበል በሉ፤ አማርኛ ለዚያ ቃል አላነሰውም።

ለነገሩ የዚያን ቀን የነፍስ አባታቸውም አብረውን ነበሩ። ዳቦውን ባርከው፣ ቆርሰው፣ ከሁለቱ ወንድማማቾች መሐል ተቀምጠዋል። ጎልማሳው ያንን ሲናገር ቀና ብዬ አየኋቸው። መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።