አሮጌ ካርታ ላሚኔት አይደረግም! ስለ ጥንታዊ የባሕር ጉዞ ካርታና መጽሐፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ አሮጌ ካርታ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ኮፒ ቤት ነው። «ላሚኔት አስደርገው፣ ዕድሜ ልክህን ይቆይልሃል» የማይል ዘመድም ጎረቤትም የለም። ዲግሪውም የልደት ሰርተፊኬቱም በዚያው ማሽን ስላለፈ ምክሩ ያሳምናል። ይህን ምክር ደጋግሞ መስማት ያሳዝናል፤ 400 ዓመት ከብልና ከሻጋታ የተረፈ ሉህ በአንድ ደቂቃ የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነውና።

የላሚኔት ፕላስቲክ ውስጡ ሙጫ አለው። ማሽኑ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ሙጫው ይቀልጥና በጥቅልሎቹ መካከል ተጨምቆ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱና ፕላስቲኩ አንድ አካል ናቸው፤ ፕላስቲኩን ስትልጡት የወረቀቱ ፊት ከነቀለሙ አብሮ ይነሳል። በወረቀቱ ውስጥ ያለ አሲድና እርጥበትም መውጫ ያጣል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ማስረጃው መጥፋቱ ነው። የ16ኛውና የ17ኛው ክፍለ ዘመን ካርታዎች አብዛኞቹ የታተሙት ከተቀረጸ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ነው። ማተሚያው እርጥቡን ወረቀት ሰሌዳው ላይ ሲጫነው የሰሌዳው ጠርዝ በካርታው ዙሪያ ስርጉድ ይተዋል፣ የቀለሙ መስመርም በጣት ሲነካ ከፍ ብሎ ይሰማል። ላሚኔት ሁለቱንም ይደፈጥጣቸዋል። አዋቂ ገዢ የካርታውን እውነተኛነት የሚለየው በነዚህ ምልክቶች ስለሆነ፣ ላሚኔት የተደረገ ካርታ ዋጋው እዚያው ማሽን ላይ ይቀራል።

ካርታውን በፕላስቲክ መሸፈን የግድ ከሆነ ሙጫ የሌለው፣ ከ75 እስከ 100 ማይክሮን ውፍረት ያለው የፖሊስተር ሉህ ፈልጉ። ከካርታው በየጎኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጡ ሁለት ሉሆች ቁረጡና ካርታውን መሃል አስቀምጡ። ከካርታው ጀርባ አሲድ የሌለው ወረቀት ብታስገቡ ይመረጣል፤ ጀርባው ላይ ጽሑፍ ካለ ግን ይሸፍነዋል። ሁለቱን ሉሆች በሁለት ፊት ማጣበቂያ ስታያይዙ ማጣበቂያው ከካርታው ጠርዝ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይራቅ። አራቱን ጎን አትዝጉ። በተለይ ሐይቁ አጠገብ ላለ ቤት ሁለት ጎን ክፍት ይሁን፣ አለዚያ የክረምቱ እርጥበት ውስጡ ይታፈናል። ፖሊስተር ካልተገኘ አሲድ ከሌለው ወረቀት የተሠራ ፎልደር ውስጥ አድርጎ መሳቢያ ውስጥ አጋድሞ ማስቀመጥ በቂ ነው።

ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛው ክሊር ፎልደር ሁሉ ግን አይሆንም። ከቆየ በኋላ የፎቶ ኮፒ ጽሑፍ ተገልብጦ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ፒቪሲ የሚባለው ነው። አዲስ የፕላስቲክ ጫማ ዓይነት ሽታ ካለው ካርታ አታስጠጉበት። ካርታው ቀድሞ ላሚኔት ተደርጎ ከሆነም ለመላጥ አትሞክሩ፣ ካውያም አታስነኩት። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡትና ለወረቀት ጥገና ባለሙያ ተዉት። ስኮችም ከላሚኔት አይሻልም፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ይዘልቃል።

«ካርታው ላይ ያለው ዓመት የታተመበት ዓመት ነው» የሚለውም ስህተት ነው። የመዳብ ሰሌዳ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል። የካርታ ሠሪው የአብርሃም ኦርቴሊየስ አትላስ በ1570 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አንትወርፕ ላይ ከወጣ በኋላ እስከ 1612 ድረስ በተለያዩ ቋንቋዎች ታትሟል። «የቄስ ዮሐንስ አገር» (አውሮፓውያን በሩቅ አገር ይገዛል የሚሉት ክርስቲያን ንጉሥ) ብሎ ኢትዮጵያን ያሳየበት ካርታም በ1573 ከገባ ወዲህ በተከታዮቹ እትሞች ወጥቷል። እትሙን ለመለየት ካርታውን ገልብጡት፤ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ቋንቋና የገጹ ቁጥር ናቸው የሚነግሯችሁ። ፍሬም ውስጥ ታሽጎ ጀርባው የማይታይ ካርታ ሊሸጥላችሁ ሲመጣ ፍሬሙ ይፈታ በሉ።

«ቡኒ ከሆነ እውነተኛ ነው» ለሚሉ፦ ሻይም ወረቀት ቡኒ ያደርጋል። 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ይዛችሁ ቀለሙን ተመልከቱ። የተለያየ ቀለም ያላቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች አበባ መስለው ከተደረደሩ የዘመናዊ ኦፍሴት ኅትመት ነው። ቀጥሎ ሉሁን መስኮት ላይ ወደ ብርሃን ያዙት። የድሮው ወረቀት በሽቦ ወንፊት ላይ በእጅ ስለሚሠራ የተጠጋጉ ቀጫጭን መስመሮችና እነሱን የሚያቋርጡ፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ መስመሮች ይታያሉ። እነዚህ መስመሮች የሌሉት ለስላሳ ወረቀት አውሮፓ ውስጥ ለመጽሐፍ ኅትመት የዋለው በ1750ዎቹ ነው። ስለዚህ መስመር የሌለው «የ1573 ካርታ» የለም። መስመር ስላለው ብቻ ግን እውነተኛ አይሆንም፤ ዛሬም እንዲህ ያለ ወረቀት ይሠራል።

«ባሕር የሌለው አገር ሰው የባሕር ጉዞ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል?» ይህ ጥያቄ ታሪኩን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ፖርቱጋሎች የሕንድን መንገድ ሲፈልጉ ቄስ ዮሐንስ የሚሉትን ክርስቲያን ንጉሥም ይፈልጉ ነበር። የፖርቱጋል ንጉሥ ዮሐንስ 2ኛ (ዡዋኦ) በ1487 የላከው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ኢትዮጵያ ገብቶ እዚሁ ቀረ። በ1520 ምጽዋ ላይ ከመርከብ ከወረደው መልእክተኛ ቡድን ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አገኘው፣ የአልቫሬዝም መጽሐፍ በ1540 ሊዝበን ታተመ። ኦርቴሊየስ ካርታው ላይ የንጉሡ ልጆች የሚታሰሩበትን ተራራ አስፍሯል፤ አምባ ግሸንን ማለት ነው። በዚያው ካርታ ላይ ዓባይ ከምድር ወገብ በስተደቡብ እጅግ ርቀው ከተሳሉ ሐይቆች ይነሳል። ይህ ስህተት ካርታውን ዋጋ አያሳጣውም፤ አውሮፓ በዚያ ጊዜ ምን ታውቅ እንደነበር የሚያሳየው እሱ ነው።

«የመጀመሪያ እትም ካልሆነ አይረባም።» ለሰብሳቢ ኪስ እንጂ ለአንባቢ እውነት አይደለም። በ1961 የጥንት ጉዞ መጻሕፍትን በሚያሳትመው የእንግሊዝ ሃክሉይት ማኅበር በሁለት ቅጽ የወጣው የአልቫሬዝ የእንግሊዝኛ ትርጉም ማብራሪያዎች ስላሉት ለጀማሪ ከ1540ው ይልቅ ይጠቅማል።

«በጓንት ያዙት።» የጨርቅ ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፣ ወረቀት ያስቀድዳል። እጅን ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ይበቃል።

«የቆዳ ሽፋን ቅባት ይፈልጋል።» አይፈልግም፤ ቅባቱ ቆዳውን ያጠቁራል፣ አቧራም ይሰበስባል።

«ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቆለፈ ደህና ነው» የሚለው ሐዋሳ ላይ አይሠራም። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ መደርደሪያው ውስጥ አስቀምጡ፤ ንባቡ ከ65 በመቶ በላይ ከቆየ ሻጋታ ይመጣል። መደርደሪያውን ከውጭ ግድግዳ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አርቁት፣ የታችኛውን ረድፍ ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ቆጥ ላይም ምንም አታስቀምጡ። ከጫማ ካርቶን የሚወጡት ትንንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ለአንድ ሣጥን ይረዳሉ፣ ለቁም ሳጥን ግን አይበቁም። ሻጋታ ከታየ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉት፣ ወረቀቱ ውስጥ ትቀብሩታላችሁ። መጽሐፉን ለይታችሁ ነፋስ በሚገባበት ጥላ አድርቁት፤ ሻጋታው ደርቆ ዱቄት ሲሆን ማስክ አድርጋችሁ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ከመሃል ወደ ጠርዝ አራግፉት።