ቤቱ ሲሸጥ ወይም ለሐራጅ ሲወጣ፦ ስለ ተከራይ መብት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቤቱ ከተሸጠ ውሉ አበቃ»

በጥንቱ የሮማ ሕግ እንደዚያ ነበር፤ ገዢ ሻጩ በገባው የኪራይ ውል አይገደድም። ዛሬ በብዙ አገር ነገሩ ተገልብጧል። የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 566 ተከራዩ ቤቱን ከተረከበ በኋላ የገዛ ሰው በአከራዩ እግር ይተካል ይላል። የፈረንሳዩ አንቀጽ 1743 ደግሞ ውሉ በሰነድ አረጋጋጭ የተዘጋጀ ወይም ቀኑ የተረጋገጠ እንዲሆን ይፈልጋል። አንዱ መረከብን፣ ሌላው የወረቀቱን ቀን ያያል። ፈርመው ገና ያልገቡ ሰዎች የሚጎዱት እንዲህ ያለውን ልዩነት ሳያዩ ሲቀሩ ነው።

«ባንኩም እንደ ገዢው ውሌን ያከብራል»

ብዙ ተከራይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መነሻው ደንብ ቀድሞ የመጣ ይቀድማል የሚለው ነው። አከራዩ ለወሰደው ብድር ቤቱን ለባንኩ ያስያዘበት መያዣ ሰኔ 3 ተመዝግቦ የኪራይ ውሉ ሰኔ 10 ቢፈረም፣ ተከራዩ የገባው ባንኩ አስቀድሞ ባሰረው ቤት ነው። አከራዩ ከቀረችው መብት በላይ ሊያከራየው አይችልም። ቀኖቹ ቢገለበጡ ግን ባንኩ ቤቱን የያዘው ከነተከራዩ ነው።

በእንግሊዝ አበዳሪው ሳይፈቅድ ከመያዣው በኋላ የተሰጠ ኪራይ አበዳሪውን አያስገድድም፤ የ2010ሩ (እ.ኤ.አ.) ሕግ ለእንዲህ ያለ ተከራይ የሚሰጠው እስከ 2 ወር የሚደርስ ፋታ የመጠየቅ ዕድል ብቻ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ቢያንስ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ያዛል፤ በቅን ልቦና የተደረገ ውልም ገዢው ራሱ ሊኖርበት ካልሆነ በቀር እስከ ጊዜው ይጸናል። ተከራዩ የባለዕዳው ልጅ፣ ወላጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ከሆነ ግን ይህ ጥበቃ የለም። በጀርመን እንኳ፣ ሽያጭ ኪራይን በማያፈርስበት አገር፣ በፍርድ ሐራጅ የገዛ ሰው የጊዜ ገደብ ያለውን ውል በሕጋዊ ማስጠንቀቂያ ለማቋረጥ ልዩ መብት አለው።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት በዚያው ቀን የወጣ የንብረት መዝገብ ቅጂ ይጠየቅ። የሳምንት ቅጂ የሳምንት ዜና ነው። መያዣ ከተገኘበት የአበዳሪው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የንግድ ቤት ከሆነ ደግሞ አበዳሪው ቤቱን ቢወርስም ኪራዩን የሚከፍል ተከራይን እንደማያስወጣ የሚያረጋግጥ ስምምነት። የአከራዩ «ባንኩ ያውቃል» ከቁጥር አይገባም።

«ቀድሜ ስለገባሁ ማንም አይቀድመኝም»

ይህን ቀዳሚነት ተከራዩ ራሱ በፊርማው ሊያጣው ይችላል። በንግድ ቤት ውል መጨረሻ አካባቢ «የተከራዩ መብት አሁን ላለም ሆነ ወደፊት ለሚመዘገብ መያዣ ተከታይ ይሆናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይፈለግ። «ወደፊት» የምትለዋ ቃል ነገ ለሚመጣ አበዳሪ ወረፋ መልቀቅ ናት። ካልተሰረዘች «ተከራዩ እንዳይነካ አበዳሪው በጽሑፍ እስከተስማማ ድረስ» የሚል ይጨመርባት።

ሁለተኛው አደጋ ምዝገባ ነው። በእንግሊዝ ከ7 ዓመት የበለጠ ውል መመዝገብ አለበት። በፈረንሳይ ከ12 ዓመት የበለጠው ካልተመዘገበ በሦስተኛ ወገን ላይ ከ12 ዓመት በላይ አይጸናም። ረጅም ውል ይበልጥ ያስተማምናል የሚለው እምነት ካልተመዘገበ ባዶ ነው።

«ቀድሜ የከፈልኩት ኪራይ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል»

ሁልጊዜ አይደለም። አበዳሪዎች በሚያዘጋጁት ስምምነት ከ1 ወር በላይ አስቀድሞ የተከፈለ ኪራይ እንደማያስገድዳቸው መጻፍ የተለመደ ነው፤ የዓመት ኪራይ በቅናሽ የከፈለ ሰው ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል። መተማመኛ ገንዘብ እንደ አገሩ ሕግ ነው፤ በጀርመን አዲሱ ባለቤት የመመለስ ግዴታውን ይረከባል።

«የተከራይ ተከራይም ያው ተከራይ ነው»

በእንግሊዝ ሕግ ዋናው ተከራይ ውሉን በጥፋቱ ካጣ የበታቹ ኪራይም አብሮ ይወድቃል፤ ማዳን የሚቻለው ለፍርድ ቤት አመልክቶ ነው። ዋናው ተከራይ በፈቃዱ ቤቱን ለአከራዩ ቢመልስ ግን የበታቹ ይተርፋል፤ ኪራዩንም በቀጥታ ለባለቤቱ ይከፍላል።